ያውቁ ኖሯል? ሰውነታችን ብረትን ከወባ ይደብቃል

▪ የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ውኃ የሌለው አሸዋ ነው፤ ከተማዋን ወባ የሚያሰጋት ግን በዝናብ ወቅት ብቻ አይደለም። ከእስያ የመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ በየግቢው በርሜልና ታንከር ውስጥ ትራባለች። በ2014 ዓ.ም. በከተማዋ ከተቀሰቀሰው የወባ ወረርሽኝ ጋር ግንኙነት እንዳላትም በጥናት ታውቋል።

▪ የወባ ተሐዋሲ ለመራባት ብረት ይፈልጋል። ስለዚህ ስንታመም ጉበታችን ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል፤ ይህም ከምግብ የተገኘው ብረት ከአንጀት ወደ ደም እንዳያልፍ ያግዳል። ትኩሳቱ ከለቀቀም በኋላ የደም ማነስ የሚሰነብትበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

▪ በ1998 ዓ.ም. ይፋ የሆነ የዛንዚባሯ ፔምባ ደሴት ጥናት፣ ወባ በበረታበት ስፍራ ብረትና ፎሊክ አሲድ የተሰጣቸው ሕፃናት ለሞት ወይም ለሆስፒታል ሕክምና የመዳረግ ዕድላቸው በ12 በመቶ ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ትኩሳት ያለበት ልጅ ከብረት ክኒን በፊት የወባ ምርመራ ያስፈልገዋል።

▪ እንደ ብረት ሁሉ ዚንክም ከበሽታ መከላከል ጋር የተያያዘ ማዕድን ነው፤ ሲጎድል የበሽታ ተከላካይ ሴሎች የሚበስሉበት ታይመስ የተባለው ዕጢ ይኮሰምናል። በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴት ዚንክንና ብረትን አጥብቆ ይይዛል፤ የጤፍ ሊጥ በእርሾ በደንብ ሲቦካ ግን ፋይቴቱ ይቀንሳል።