ሃይድሮጅን በቲታኒየም ውስጥ፦ በምድጃ ረዳት፣ በአጥንት ላይ ጠንቅ

በአራዳ፣ ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ ሲወረድ፣ አንጥረኞች ለብዙ ዘመን ወርቅና ብር ሲሠሩ ኖረዋል። አንጥረኛ ሲቀጠቅጠው የጠነከረበትን ብር፣ እንዳይሰነጠቅ በእሳት አለስልሶ ሥራውን ይቀጥላል። ለተሰበረ አጥንት መደገፊያ የሚሆነው ቲታኒየምም በእሳት ይቀረጻል፤ ሆኖም እንደ ብር በቀላሉ አይታዘዝም።

የአሠራሩ ችግር

ንጹሕ ቲታኒየም እስከ 882 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ «አልፋ» የተባለ የአተሞች አደረጃጀት አለው፤ ከዚያ በላይ ለመቀረጽ ወደሚመቸው «ቤታ» ይለወጣል። 6 በመቶ አሉሚኒየምና 4 በመቶ ቫናዲየም ባለው የሕክምና ቅይጥ ለውጡ የሚጠናቀቀው በ1000 ዲግሪ አካባቢ ነው። በቲታኒየም ቦራይድ ወይም ካርባይድ ቅንጣቶች የተጠናከረው ኮምፖዚት ደግሞ ይበልጥ ያስቸግራል። ቅንጣቶቹ ከብረቱ ጋር ስለማይሳቡ በዙሪያቸው ስንጥቅ ሊፈጠር ይችላል።

የሃይድሮጅን ድርሻ

የጋለ ቲታኒየም ሃይድሮጅንን ይመጥጣል። በክብደት ከመቶ ጥቂት አሥረኛ ያህል ሲገባ የቤታው ድርሻ ይጨምራል፤ ለውጡ የሚካሄድበት ሙቀትም ዝቅ ይላል። በዚህም ቁሱ በአነስተኛ ሙቀትና ኃይል ይቀረጻል። መጠኑ ከልክ ሲያልፍ ግን ቤታው ራሱ ስለሚጠነክር ጥቅሙ ይቀንሳል። ቅርጹ ከወጣ በኋላ ሃይድሮጅኑ አየር በሌለበት ምድጃ ተመልሶ እንዲወጣ ይደረጋል።

ለሕክምና ያለው ትርጉም

በብረቱ ውስጥ የቀረ ብዙ ሃይድሮጅን ተሰባሪ ሃይድራይድ ይፈጥራል። በመሆኑም ለሚተከለው ቅይጥ የወጣው ዓለም አቀፍ መለኪያ ከ0.015 በመቶ በላይ ሃይድሮጅን አይፈቅድም። ወሰኑ ሳይጠበቅ ቀርቶ ፕሌት ቢሰበር፣ ለሁለተኛ ቀዶ ሕክምና የሚዳረገው ሕመምተኛው ነው።

ጥንካሬ ሁሉም ለአጥንት አይበጅም። የቅይጡ ግትርነት 110 ጊጋፓስካል ገደማ ሲሆን የአጥንት ቅርፊት ከ20 እምብዛም አያልፍም። ኮምፖዚቱ ከቅይጡም በላይ ግትር ስለሆነ ሸክሙን ከአጥንቱ ይቀማል፤ ሸክም ያጣ አጥንት ደግሞ ይሳሳል። ስለዚህ ለሞተር ክፍል የተመሰገነ ቁስ ለአጥንት ፕሌት ይሻላል ማለት አይደለም።

የጤና ባለሙያው የምድጃውን ሥራ መቆጣጠር አይችልም። ነገር ግን የዕቃውን የጥራት ማረጋገጫ መጠየቅ፣ ፕሌትን ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ ከማጠፍ መቆጠብ፣ ከአንድ ሕመምተኛ የወጣውንም ለሌላ አለመትከል በእጁ ነው።