እሳት ያየው ሁሉ አይጣልም
ከቃጠሎ የተረፈ የቤት ዕቃ አያያዝ

«እሳት ካየው ምን ለየው» የሚል የቆየ አባባል አለን። አባባሉ ለሣርና ለጭራሮ ይሠራ ይሆናል፤ ለቤት ዕቃ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ከቃጠሎ በኋላ ግቢ ውስጥ የተከመረውን ዕቃ ረጋ ብለን ብንመለከት፣ አንዱ የነደደ፣ አንዱ ጢስ ብቻ የጠጣ፣ ሌላው ደግሞ እሳቱን ለማጥፋት በፈሰሰው ውሃ የራሰ ነው። እነዚህን ሦስቱን ያልለየ ቤተሰብ መዳን የሚችለውን ይጥልና መጣል የሚገባውን ለልጆቹ ያበላል።

ደብረ ማርቆስ ሳድግ ያየሁትን አስታውሳለሁ። የአንዲት ጎረቤታችን ቤት በተቃጠለ ማግሥት የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው ለእርዳታ ተረባረቡ። ከሣጥን ውስጥ ጢስ ብቻ ጠጥቶ የወጣ ጋቢ ነበር፤ እናታቸው በእጃቸው ፈትለው ያሠሩላቸው ነው። ሴቶቹ ወዲያው ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው አሹት። ጥላሸቱ ወደ ድሩ ገባ፤ ጋቢውም ከዚያ በኋላ ነጭ ሆኖ አያውቅም። እሳቱ የተወውን ጋቢ ያበላሸው የእኛ ጥድፊያ ነበር።

ወደ ቤቱ ከመግባት በፊት

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በአዲስ አበባ መርካቶ፣ ሸማ ተራ በተነሳው ቃጠሎ ነጋዴዎች ዕቃቸውን ለማውጣት ሲሯሯጡ ታይተዋል። ንብረት ያንገበግባል፤ ሆኖም እሳት እየነደደ ለዕቃ ሲባል ተመልሶ መግባት አይገባም። እሳቱ ጠፋ ከተባለ በኋላም ቢሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በደብረ ማርቆስና በጎዛምን የሚገኙ ብዙ ቤቶች በባሕር ዛፍና በጭቃ የተሠሩ ናቸው። ጭቃው ባይነድም በውስጡ ያለው እንጨት ለሰዓታት ሲጨስ ሊያድር ይችላል፤ ውሃ የጠጣ ግድግዳም ድንገት ሊናድ ይችላል። ስለዚህ የመብራት መስመሩ በባለሙያ መቋረጡን፣ ግድግዳውም መቀዝቀዙን ሳያረጋግጡ መግባት አደገኛ ነው። የጥጥ ፍራሽ ከላይ የጠፋ ቢመስልም ውስጡ ፍም ሊይዝ ስለሚችል ከቤት ርቆ ተቀድዶ ውሃ ሊርከፈከፍበት ይገባል። እሳት ያገኘውን የጋዝ ሲሊንደር ከመንካት፣ የራሰ ቴሌቪዥን ወይም ማቀዝቀዣም ከመሰካት በፊት ባለሙያ ይየው።

ለልጆች የማይሰጥ

በወጥ ቤት በኩል ርኅራኄ አያስፈልግም። ክዳኑ ክፍት የነበረ ዱቄት፣ በርበሬና ሽሮ፣ በሙቀት ያበጠ ቆርቆሮ ምግብ፣ መድኃኒት፣ የፕላስቲክ ጀሪካንና የሕፃን ጡጦ ይጣሉ። አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ድስቱ ቀልጦ ከተገኘ አጠገቡ የነበረ የታሸገ ምግብ ምን ያህል ሙቀት እንዳገኘው ለመገመት አያስቸግርም። የብረት ድስትና ብርጭቆ ግን በሚገባ ታጥበው ያገለግላሉ። ምጣድና ጀበና ስንጥቅ እንዳለባቸው በጣት አንኳኩቶ ድምፃቸውን ማዳመጥ ይበጃል።

እህል የተለየ ጉዳይ ነው። ጎተራው ሳይሰነጠቅ ክዳኑም እንደተመረገ ከተገኘ፣ ጢስ ጢስ የማይል እህል ሊተርፍ ይችላል። የራሰ ጤፍ በዚያው ዕለት ካልተሰጣ ይሻግታል። የፕላስቲክ ጢስ የሸተተ እህል ለሰው ቀርቶ ለዶሮም አይሰጥም። ለዘር የተቀመጠ ከሆነ ደግሞ ሙቀት ፍሬውን ሊገድለው ስለሚችል፣ ሃያ ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ስንቱ እንደሚበቅል መቁጠር ከባዶ እርሻ ያድናል።

ጋቢና ነጠላ

ጥላሸት ቅባትነት አለው። ስለዚህ ልብሱ ሳይርስ በፊት ከቤት ውጭ ይራገፍ፤ ሳይታሽ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ፤ ነፋስ በሚያገኝ ቦታም ይሰጣ። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ፣ በመጨረሻም በሳሙና ማጠብ ነው። ሽታው ሳይለቅ አይተኮስም። ለነጭ ጥጥ ልብስ እናቶቻችን የሚያውቁት እንዶድ ዛሬም ይጠቅማል፤ ፍሬው ደርቆና ተፈጭቶ ሲዘፈዘፍ አረፋ ይሰጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. እንዶድ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉት ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ነው። ዓሣንም ስለሚገድል እጣቢው ወደ ጅረት አይፈስስም።

የወረቀቱ ነገር

ከሁሉ በፊት ሊፈለግ የሚገባው ወረቀት ነው፤ እርጥብ ወረቀት በሁለት ቀን ውስጥ መሻገት ሊጀምር ይችላልና። የተጣበቁ ገጾችን በግድ አንለያይ። በመካከላቸው ንጹሕ ነጭ ወረቀት እያስገባን ጥላ ሥር እናድርቃቸው፤ ጎረቤት ማቀዝቀዣ ካለ በላስቲክ ጠቅልሎ በበረዶ ቤቱ ማቆየት ጊዜ ይሰጣል። ጫፉ የተቃጠለ ብር ሳይዘረጋና ሳይታጠፍ በወረቀት ተይዞ ለባንክ ይታይ።

እናቶችን ይበልጥ የሚያስጨንቀው የይዞታ ደብተር ነው። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም በአንድነት ይሰፍራል። ደብተሩ ቢቃጠል መብቱ አብሮ አይቃጠልም፤ መዝገቡ በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይገኛል። ስለዚህ ሚስት የቃጠሎውን ማስረጃ ከፖሊስ ወይም ከቀበሌ ይዛ ምትክ ስትጠይቅ፣ በአዲሱ ደብተር ላይም ስሟ መስፈሩን በዓይኗ ታረጋግጥ። የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀትም በተመሳሳይ መንገድ ካወጣው መሥሪያ ቤት ይጠየቃል።

ዕድርተኛው ሁሉ በሚረባረብበት በዚያ ቀን አንዲት የተረጋጋች ሴት ደብተርና እርሳስ ይዛ ብትቀመጥ ከአሥር አጣቢ ትበልጣለች። የጠፋውንና የተረፈውን ሳይታጠብና ሳይጣል በፊት ትመዝግብ። ገና እሳት ያላየን ደግሞ ዛሬ ማታ አንድ ሥራ አለን፤ ወረቀቶቻችንን በአንድ ቆርቆሮ ሣጥን ሰብስበን፣ ቅጂያቸውን ከዘመድ ቤት እናስቀምጥ።