ያውቁ ኖሯል? ተጎዳ ማለት አበቃለት ማለት አይደለም

• ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታክሞ፣ በ1962 ዓ.ም. እዚያው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ኢላማ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ውድድር አንደኛ ወጣ።

• የሬስሊንጉ ኮከብ አዳም ኮፕላንድ (“ኤጅ”) በ2003 ዓ.ም. በአንገት ጉዳት ከመፋለሚያው ወርዶ በትወና ኖረ፤ “ቫይኪንግስ” በተሰኘው ተከታታይ ድራማም ተውኗል። በ2012 ዓ.ም. ወደ ትግሉ ተመለሰ።

• በቆቦና በራያ ቆላ ለሚሮጡና ለሚታገሉ ወጣቶችም መንገዱ ብዙ ነው፦ አሰልጣኝነት፣ ዳኝነት፣ የስፖርት ጋዜጠኝነት፣ የፊዚዮቴራፒ ሙያ። ሜዳውን በላባቸው የሚያውቁት እነሱ ናቸውና፣ ሲጎዱ አንተዋቸው።