መጀመሪያ ማረፍ

ጥር ገብቶ በምሥራቅ ጎጃም፣ በብቸና ዙሪያ ጤፍ ሲወቃ፣ ጭዱ ከአውድማው ዳር ይከመራል። ክምሩ ካለ ልጅ አይጠፋም። አንዱ ከሩቅ ተንደርድሮ ይዘልበታል፤ ሌላው በእጁ ለመቆም እግሩን ወደ ላይ ይወረውራል፤ አንዷ ደግሞ ቀሚሷን በጉልበቶቿ መካከል ሸጉጣ ትንከባለላለች። ባለቤቱ ጭዱ ተበተነብኝ ብሎ ዱላ እስኪያነሳ ድረስ ጨዋታው ይደራል። እነዚያ ልጆች አያውቁትም እንጂ፣ ጅምናስቲክ የሚባለውን ስፖርት ከዋናው ጀምረውታል፤ ለስላሳ ነገር ላይ መውደቅ እየተለማመዱ ነው።

ጅምናስቲክ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቴሌቪዥን ላይ ያየውን አዳራሽ ነው። ሆኖም ስፖርቱ ሲጀመር አዳራሽ አልነበረውም። ፍሪድሪሽ ሉድቪሽ ያን የተባለው ጀርመናዊ መምህር በ1811 እ.ኤ.አ. ወጣቶችን ማሰልጠን የጀመረው በርሊን አጠገብ ሃዘንሃይደ በሚባል ሜዳ ላይ ነበር። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የተቋቋመው ከዚያ 70 ዓመት ቆይቶ በ1881 ነው። አፍሪካ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ጅምናስቲክ ወርቅ ያገኘችው ደግሞ ገና በ2024፣ አልጄሪያዊቷ ካይሊያ ንሙር ፓሪስ ላይ ከፍና ዝቅ ባሉት አግዳሚዎች ስታሸንፍ ነው።

በእኛ አገር ተማሪ ሁሉ ጅምናስቲክን የሚያውቀው በጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ነው። ወደ ፊት መንከባለል፣ ወደ ኋላ መንከባለል፣ በእጅ መቆም፣ በመጨረሻም ተደራርቦ ፒራሚድ መሥራት። ከዚህ አልፎ የልጆችን አካል በቁም ነገር ያሰለጠነው በአብዛኛው የስፖርት ክለብ ሳይሆን ሰርከስ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ሰርከስ ኢትዮጵያ መገለባበጡን ከባህል ሙዚቃና ከጭፈራ ጋር አዋህዶ፣ ስለ ኤችአይቪም ስለ ፈንጂም እያስተማረ አገር ዞረ። ጅማ፣ ናዝሬትና መቀሌም የየራሳቸውን ሰርከስ አቋቋሙ። በአማራ ክልል ደግሞ በተክሉ አሻግር መሪነት በ1998 እ.ኤ.አ. ሰርከስ ደብረ ብርሃን ተመሠረተ። ይህ ሰርከስ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ከሌሎቹ ጋር በአንድ መድረክ በማሰለፍ ይታወቃል። እንግዲህ ብቸና ወይም ሞጣ ላይ ክለብ ለመክፈት የሚያስብ ሰው ምሳሌ ፍለጋ በርሊን መድረስ አያስፈልገውም፤ ደብረ ብርሃን በቂው ነው። ደብረ ብርሃንም ብትሆን ያደገችው በብርድና በነፋስ መሀል ነው።

ብቸናና ሞጣ ከደጀን ተነስቶ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ ናቸው፤ ብቸና በእነማይ፣ ሞጣ በሁለት እጁ እነሴ ወረዳ። ከፍታቸው 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት ይበርዳል። ያልሞቀ ጡንቻ ቶሎ ይጎዳልና ከልምምዱ ጊዜ ሩብ ያህሉ በሩጫ፣ በዝላይና በማፍታታት ቢያልፍ እንደ ብክነት አይቆጠርም። እስክስታም ያሟሙቃል፤ ትከሻን የሚያላቅቅ ከሱ የተሻለ ነገር ከወዴት ይመጣል?

የዕቃ ነገር ሲነሳ ጀማሪው ይደነግጣል። የሴቶች ሚዛን መጠበቂያ ግንድ 5 ሜትር ርዝመት፣ 10 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ ከመሬት 1 ሜትር ከ25 ከፍታ አለው። የወለሉ ሜዳ 12 በ12 ሜትር ሆኖ ከሥሩ ስፕሪንግ ይደረግለታል። ለልጆች ክለብ ግን ይህ ሁሉ የሩቅ ነገር ነው። ግንዱን አናጺ በደንብ ልጎ መሬት ላይ ቢያጋድመው፣ ለሰባት ዓመት ልጅ ፈተናው ያው ነው፤ የሚቀረው የመውደቂያው ከፍታ ብቻ ነው። ፍራሹም ቢሆን ስፖንጅ እስኪገዛ ድረስ ባዶ ማዳበሪያ በጤፍ ጭድ ጠቅጥቆ፣ ጎን ለጎን ሰፍቶ፣ በሸራ መሸፈን ይቻላል። ለመንከባለል ይበቃል፤ በአየር ላይ ለመገልበጥ ግን አይበቃም። ይህን ልዩነት የማያከብር አሰልጣኝ ክለብ ባይከፍት ይሻላል።

በቤት የተሠራ ዕቃ መለካት አለበት። በ2000 እ.ኤ.አ. የሲድኒ ኦሊምፒክ የሴቶች ውድድር ላይ የመዝለያው ፈረስ በ5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ተተክሎ ነበር። አንዲት አውስትራሊያዊት ተወዳዳሪ ልብ እስክትል ድረስ በርካታ የዓለም ምርጦች ተዘረሩ። ሳንቲ ሜትር እንዲህ ከሠራ፣ በአንድ በኩል የጎደጎደ የጭድ ፍራሽ ልጅን ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም።

ከዕቃው ይልቅ ከባዱ የአሰልጣኙ እጅ ነው። ጥሩ አሰልጣኝ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያስተምረው አወዳደቅን ነው። ልጅ ሲዘል እግሮቹን ትንሽ አራርቆ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ያርፋል። ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ክንዱን አቅንቶ መሬት ከመደገፍ ይልቅ ተጠቅልሎ ይንከባለላል፤ የልጆች አንጓና ክርን የሚሰበረው በአብዛኛው በተቀሰረ ክንድ ነውና። ሲንከባለል አገጩ ከደረቱ ይጣበቃል፤ መሬቱን የሚነካው አናቱ ሳይሆን ትከሻው ነው። በእጅ የሚቆመውን ልጅ አሰልጣኙ በጎን ቆሞ ጭኑን ይይዝለታል፤ ቁርጭምጭሚቱን ጎትቶ አያንጠለጥለውም። ይህን ለማድረግ አንድ ሰው ለስምንት ወይም ለአሥር ልጅ ይበቃል እንበል። ሃምሳ ልጅ ሰልፍ ላይ አቁሞ ፊሽካ መንፋት ግን ሌላ ሙያ ነው።

እንዲህም ሆኖ አንድ ቀን ክንድ ይሰበራል። ያን ጊዜ ጎረቤት ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦ «ወጌሻ ጥሩ!» ወጌሻ የተከበረ ባለሙያ ነው፤ ሆኖም ጠብቆ የታሰረ ክንድ ደም እያጣ እስከ መቆረጥ የደረሰባቸው ሕፃናት በአገራችን ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ ታይተዋል። ብቸናም ሞጣም ሆስፒታል አላቸው። ክለቡ ልጅ ሲመዘግብ ጉዳት ቢደርስ ወዴት እንደሚወሰድ፣ ማን እንደሚያጓጉዘው፣ ማን እንደሚከፍል ከወላጅ ጋር በጽሑፍ ቢፈራረም ከብዙ ጭቅጭቅ ይድናል።

ሌላም አደጋ አለ፤ ይሄኛው ከፍታም ፍራሽም አያውቅም። በ1998 እ.ኤ.አ. ሰርከስ ኢትዮጵያ አውስትራሊያ ለትርኢት እንደሄደ 15 አባላቱ እዚያው ጥገኝነት ጠይቀው በአንድ ኃላፊ ላይ የበደል ክስ አሰሙ። ከ20 ዓመት በኋላ ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የጅምናስቲክ ቡድን ሐኪም የነበረው ላሪ ናሳር ሲፈረድበት ከ150 በላይ ሴቶች ፍርድ ቤት ቀርበው የደረሰባቸውን ወሲባዊ ጥቃት ተናገሩ። አሰልጣኝ የልጅ ገላ ይነካል፤ ሥራው ያስገድደዋል። ስለዚህ ልምምዱ በር ተከፍቶ፣ ሁለት አዋቂ ባለበት፣ ወላጅ በፈለገ ሰዓት ገብቶ በሚያይበት ቦታ መሆን አለበት። ሴቶች ልጆችን የምትደግፍ ሴት ረዳት ካለችና ከቀሚስ ይልቅ ቱታ ከተፈቀደ፣ «ልጄ በሰው ፊት ተገልብጣ!» የምትለዋ እናትም ቀስ በቀስ ትለምደዋለች።

ለአንድ መምህር ቀላሉ መንገድ በትምህርት ቤት ክበብ መጀመር ነው። ቀይ መስቀልና ሚኒ ሚዲያ ባሉበት ግቢ አንድ ክበብ ቢጨመር ማንም አይቃወምም። ትምህርት በፈረቃ በሚሰጥበት ቦታ ልጆቹ ግማሽ ቀን ነፃ ናቸው። ከግቢ ወጥቶ ክለብ ለመባል ግን የወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት መዝገብ፣ ኮሚቴና ደረሰኝ ይከተላሉ። ፕሮግራሙ የአገሩን ቀን መቁጠሪያ ያውቃል፦ በሁዳዴ የሚጦም ልጅ ባዶ ሆዱን አይገለበጥም፤ በገበያ ቀንም የሚመጣው ጥቂት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷልና፣ መሰባሰብ ራሱ አጠያያቂ የሚሆንበት ሳምንትም አለ።

ክረምት ሲገባ የብቸና ጥቁር አፈር ጫማ ነቅሎ ስለሚያስቀር ሜዳው ይተዋል። ሐምሌና ነሐሴ የመማሪያ ክፍሎች ባዶ ናቸው፤ ዴስኩ ወደ ግድግዳ ተገፍቶ ማዳበሪያዎቹ ሲሚንቶው ላይ ይደረደራሉ። ጭድ እርጥበት ሲነካው ይሻግታል፤ ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር ፍራሹን ተሸክሞ ማውጣት የልጆቹ ሥራ ነው። ጥር ሲመለስ ስፌቱ ተፈትቶ የረገበው ጭድ ቤት ለሚመርግ ሰው ጭቃ ማቡኪያ ይሰጣል። ልጆቹም ባዶ ማዳበሪያቸውን ይዘው ወደ አውድማው ይሄዳሉ፤ ዘንድሮ ግን ባለቤቱን አስፈቅደው።