ሃይማኖት የአገር ፍቅር መለኪያ ነው

አገርን መውደድ ከእግዚአብሔር ፍቅር ይቀንሳል ብለው የሚፈሩ ክርስቲያኖች አሉ፤ ርስታችን በሰማይ ስለ ሆነ የምድሩ ነገር ምን ይጠቅመናል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ አገራቸውን ከመውደዳቸው ብዛት ሃይማኖትን የአገር አሽከር ያደርጉታል፤ አገራቸው የሠራችውን ሁሉ እግዚአብሔር እንደ ሠራው ይቈጥሩታል። ሁለቱም ወገኖች ከመንገድ ወጥተዋል። ጌታችን ስለ ኢየሩሳሌም ጥፋት አልቅሷልና አገርን ማፍቀር ኃጢአት አይደለም፤ ነገር ግን ያለቀሰላትን ከተማ ስለ በደሏ ገሥጿታልና የአገር ፍቅር የበደል መሸፈኛ ሊሆን አይገባውም። እንግዲህ ሃይማኖት የአገርን ፍቅር ልኩንና ድንበሩን የሚያሳይ መለኪያ እንጂ የሚያጠፋ እሳት አይደለም።

ይህ ነገር ከሚፈተንባቸው ስፍራዎች አንዱ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የከሚሴ ከተማና በዙሪያዋ ያለው አገር ነው። ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። የቦርከና ወንዝ የጨፋን ረግረግ እያጠጣ በዚያ ያልፋል፤ አብዛኛው ሕዝብ ኦሮምኛ የሚናገርና የእስልምና ተከታይ ሲሆን ክርስቲያኑ በቍጥር ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚያ የሚኖር ክርስቲያን «አገሬ» ባለ ጊዜ ማንን ማለቱ እንደ ሆነ በቃል ብቻ ሳይሆን በኑሮው ይጠየቃል።

የወሎ ታሪክ በዚህ ነገር ሁለት ምስክር ያቀርባል። አንደኛው የቦሩ ሜዳ ነገር ነው። ግብጾች በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ድል ከሆኑ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ አገራቸው በውስጥ እንዳትከፋፈል አስበው በ1870 ዓ.ም. ከደሴ በስተሰሜን በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። በዚያም የክርስቲያኑ የሃይማኖት ክርክር ተፈረደ፤ የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዘ። የወሎው ባላባት መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው ተጠመቁ፤ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል ለመባል በቁ። ነገር ግን እንደ ሸኽ ጠልሃ ያሉት ሊቃውንት ትእዛዙን ተቃውመው ተነሡ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። ከሕዝቡም ብዙው በውጭ የክርስትና ስም ይዞ በቤቱ የአባቶቹን ሃይማኖት ጠበቀ። የንጉሠ ነገሥቱ አሳብ የአገር አንድነት ነበረ፤ ዳሩ ግን በግድ የተሰጠ ጥምቀት ሃይማኖትንም አላሰፋ፣ አንድነትንም አላጸና። ወሎ እስከ ዛሬ ድረስ የሁለቱ ሃይማኖቶች አገር ሆኖ መኖሩ ለዚህ ማስረጃ ነው።

ሁለተኛው ምስክር ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። እርሳቸው በ1921 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሾሙት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ሲሆኑ ሀገረ ስብከታቸው ወሎ ነበረ። ፋሽስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን በያዘች ጊዜ አርበኞችን እያበረታቱ ቈዩ፤ ከተያዙም በኋላ ሕዝቡ ለወራሪው እንዲገዛ እንዲሰብኩ ተጠየቁ። እርሳቸው ግን ሐሰትን እውነት ብለው ለመስበክ እምቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአደባባይ በጥይት ተገደሉ። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ አቡነ ሚካኤል በጎሬ ተመሳሳይ ሞት ሞቱ። ጳጳሱ ሞትን የመረጡት ለመሬት ሲሉ ብቻ አልነበረም። የበጎቹ እረኛ ለተኵላ አሳልፎ ከሰጣቸው እረኝነቱ ምንድር ነው? የሃይማኖታቸው ግዴታና የአገራቸው ፍቅር በአንድ ቃል ተገናኙ፤ ያም ቃል «አይሆንም» የሚለው ነው።

በዚያው ዓመት በኢጣሊያ የሆነውን ነገር ከዚህ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። የሚላኖ ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ሹስተር በጥቅምት 1928 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የዘመተውን ጦር በስብከታቸው አወደሱ፤ ዘመቻውም ለወንጌል መንገድ እንደሚከፍት ተናገሩ። እርሳቸውም መስቀል ይዘው ነበር፤ እርሳቸውም አገራቸውን ይወዱ ነበር። ልዩነቱ የአገር ፍቅራቸውን በሃይማኖት አለመመዘናቸው ነው። አንዱ ጳጳስ ግፍን ባረኩ፤ ሌላው ጳጳስ ግፍን ላለመባረክ ሞቱ። የአገሩን ጥፋት በመስቀል የሚሸፍን ሰው አገሩንም መስቀሉንም ይበድላል።

ወራሪውም ይህን ኃይል ስለሚያውቅ ሙስሊሙን ከክርስቲያኑ ለመለየት ብዙ ደከመ፤ ለአንዱ መስጊድ እየሠራ በግንቦት 1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ የሌላውን መነኮሳት ፈጀ። አንዱ ወገን ሲገደል ሌላው ወገን ደስ እንዲለው ማድረግ የቅኝ ገዢዎች የቈየ ጥበብ ነው። ስለዚህ ጎረቤቱን በሃይማኖቱ ምክንያት የሚጠላ ሰው፣ ምንም ባንዲራ ቢያውለበልብ፣ የጠላትን ሥራ ያለ ደመወዝ ይሠራል።

ይህ ያለፈ ዘመን ወሬ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ከዞኑ ጋር በሚዋሰነው በአጣዬና በዞኑ ውስጥ ባለው በጅሌ ጥሙጋ በተነሣው ግጭት የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ቤት ተቃጥሏል፤ ሕዝብ ተሰዷል። የዚያ መከራ ምክንያት የሃይማኖት ልዩነት ብቻ አልነበረም። ሆኖም እንደዚህ ባለ ጊዜ ሰው የወገኑን ሬሳ ብቻ ሲቈጥር፣ የሌላውን እናት ልቅሶ ሳይሰማ ሲያልፍ፣ የሃይማኖቱ መለኪያ ከእጁ ወድቋል። ጌታችን ባልንጀራ ማን እንደ ሆነ በተጠየቀ ጊዜ ምሳሌ አድርጎ ያቀረበው ከሌላ ወገንና ከሌላ አምልኮ የሆነውን ሳምራዊ አይደለምን?

መልካሙ መንገድ ግን ከሩቅ አገር የሚመጣ አይደለም፤ በወሎ ቤት ውስጥ አለ። በአንድ ዘር ውስጥ የክርስቲያንና የሙስሊም ስም ተሰካክቶ ይገኛል። ሰው ሲሞት የቅሬው ሰዎች ሃይማኖት ሳይለዩ ሐዘንተኛውን ያጽናናሉ። ለድግስም የሌላው ሃይማኖት እንግዳ በተጠራ ጊዜ እንደ ሥርዓቱ የሚታረድ ለብቻው ይዘጋጅለታል። ይህን የሚያደርግ ክርስቲያን ከጾሙና ከጸሎቱ አንዳች አላጐደለም፤ ሃይማኖቱን ሳይቀላቅል ጎረቤቱን አክብሯል።

ቤተ ክርስቲያንም በቅዳሴዋ ስለ ዝናም፣ ስለ ምድር ፍሬ፣ ስለ ወንዞች ትለምናለች። ዝናም በመጣ ጊዜ በጨፋ የክርስቲያኑን ማሳ ለይቶ አያጠጣም፤ ቦርከናም ሲሞላ የማንን ሃይማኖት አይጠይቅም። እንግዲህ ካህኑ በመቅደስ የለመነውን በረከት በአደባባይ ለአንድ ወገን ብቻ ሊያደርገው አይችልም።

ስለዚህ በዚያ አገር ያለ ካህን የጎረቤቱን የኦሮምኛ ቋንቋ ቢማር፣ በሞት ጊዜም ለሁሉ ቢያዝን፣ መንጋውን ከበቀል ቢመልስ፣ አገሩን በሥራ ወደደ ይባላል። ሹሙም በ1987 ዓ.ም. የጸናው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት መንግሥትንና ሃይማኖትን የለየ መሆኑን አስቦ፣ ባለጉዳይ ሲመጣ አንገቱ ላይ ያለውን ማዕተብ ወይም ራሱ ላይ ያለውን ጥምጣም ሳይሆን አቤቱታውን ይመልከት። ክርስቲያን የሆነ ሹም ለሙስሊሙ በቅን ቢፈርድ ሃይማኖቱን አልሸጠም፤ ይልቁንም መሰከረለት።

አቡነ ጴጥሮስ ለሀገረ ስብከታቸው የተዉት ርስት ይህ ነው፤ ኃያሉ ሲያዝም ሕሊናን አለመሸጥ፣ ወገን ሲቈጣም ፍርድን አለማጣመም። እንደዚህ ያለውን ሰው ሰማይም ምድርም የኔ ነው ይሉታል።