ከኖርዊች እስከ ዌምብሌ፦ የእንግሊዛዊቷ ታጋይ የሳራያ ታሪክ

«ይህ ነገር የእውነት ትግል ነው ወይስ ጨዋታ?»

ሬስሊንግ ስለሚባለው የፈረንጅ ትግል ወሬ በተነሣ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው። አንዱ «የለየለት ማታለል ነው፤ አሸናፊው አስቀድሞ ይታወቃል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ታዲያ ያ ሁሉ መውደቅና መነሣት፣ ያ ሁሉ ስብራት ከየት መጣ?» ብሎ ይሟገታል። እኔም በማስተምርበት ክፍል ተማሪዎች በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ ሰምቼ፣ ለሁለቱም ወገን የሚሆን መልስ አንዲት እንግሊዛዊት በገዛ ሕይወቷ ሰጥታለች ብዬ ስላሰብሁ፣ ታሪኳን ለአንባብያን ለማቅረብ ወደድሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ትግል እንጀራ የሆነበት ቤት

ሳራያ ጄድ ቤቪስ የተወለደችው ኦገስት 17 ቀን 1992 ዓ.ም. በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኖርፎክ አውራጃ በምትገኘው በኖርዊች ከተማ ነው። ኖርዊች በጥንታዊ ካቴድራሏና ለረጅም ዘመን ይሠራባት በነበረው ሰናፍጭ ስሟ የሚነሣ ከተማ ናት እንጂ፣ የታጋዮች መፍለቂያ ናት ብሎ የሚገምት ብዙ ሰው የለም። ነገር ግን በዚያች ከተማ ትግልን እንጀራው ያደረገ አንድ ቤተ ሰብ ነበረ። አባትየው በመድረክ ስማቸው ሪኪ ናይት፣ እናትየው ደግሞ ስዊት ሳራያ ይባላሉ። ወንድሞቿ ሮይና ዛክም ታጋዮች ናቸው። ቤተ ሰቡ የራሱ የትግል ድርጅት ስለ ነበረው፣ ትርዒት ያሳያል፣ ወጣቶችንም ያሠለጥናል። እናትየው ማርገዛቸውን ሳያውቁ፣ ሳራያን በሆዳቸው ይዘው ይታገሉ እንደ ነበረም ይነገራል።

ይሁን እንጂ ልጅቱ ወደዚህ ሙያ የገባችው በጨለመበት ሰዓት ነው። ትግል በእንግሊዝ አገር ትልቅ ስም የነበረው ጨዋታ ነው። በ1955 ዓ.ም. በአይ ቲ ቪ ቴሌቪዥን መታየት ከጀመረ በኋላ፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሽማግሌውም አሮጊቱም ሕፃኑም በአንድነት ተቀምጦ የሚመለከተው ሆኖ ነበር። በ1988 ዓ.ም. ግን ከቴሌቪዥኑ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ታጋዮቹ ኑሯቸውን የሚገፉት በየትንንሹ አዳራሽና በየመዝናኛ ሰፈሩ እየዞሩ፣ ጥቂት መቶ ሰው በሚሰበሰብበት ሁሉ መድረካቸውን እየተከሉና እየነቀሉ ሆነ። ለሴቶችማ ነገሩ ከዚህም የባሰ ነበር። በለንደን ከተማ ሴቶች በአደባባይ እንዳይታገሉ ባለ ሥልጣኖቹ ለብዙ ዓመታት ከልክለው ኖረዋልና።

ሳራያ በሕፃንነቷ ትግልን አትወድም ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አባትና እናቷ ከትርዒት ሲመለሱ የምታየው ጭብጨባውን ሳይሆን ጉዳቱን ነው። ሆኖም ፍርሃቷን ድል ነሥታ፣ በ2005 ዓ.ም. በ13 ዓመቷ «ብሪታኒ ናይት» በሚል ስም ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ወጣች። ከዚያም በእንግሊዝና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ተዘዋውራ ታገለች። ወደ አሜሪካም ተሻግራ ከእናቷ ጋራ በአንድ ወገን ተሰለፈች። ደግሞም እናትና ልጅ እርስ በርሳቸው የተጋጠሙበት ጊዜ አለ።

ሁለት ልጆች፣ አንድ ዕድል

በዚህ ሙያ ላለ ሰው ሁሉ ትልቁ ምኞት ደብልዩ ደብልዩ ኢ በሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ውስጥ መግባት ነው። ሳራያ በ2010 ዓ.ም. ለፈተና ቀርባ ሳትመረጥ ቀረች። በ2011 ዓ.ም. ሁለተኛ ሞክራ ተቀበሏት። ወንድሟ ዛክም ይህንኑ ዕድል ሲመኝ የኖረ ልጅ ነበር፤ እርሱ ግን አልተመረጠም። በአንድ ጣራ ሥር ያደጉ፣ አንድ ምኞት የነበራቸው እኅትና ወንድም እንዲህ ተለያዩ። አንዷ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ፍሎሪዳ ስትበር፣ ሌላው በኖርዊች ቀርቶ የሠፈሩን ልጆች ማሠልጠኑን ቀጠለ። የፈተና ውጤት በግድግዳ ላይ ሲለጠፍ የወንድሙን ስም ያየና የራሱን ያጣ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል። የቤተ ሰቡን ታሪክ ቻናል ፎር የተባለው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን በ2012 ዓ.ም. ዘጋቢ ፊልም አድርጎ አሳይቶታል።

በአሜሪካ «ፔጅ» የሚል አዲስ ስም ተሰጣት። በዚያን ጊዜ ድርጅቱ ለሴቶቹ ይመርጥ የነበረው መልክ የታወቀ ነው፤ ፀሐይ ያጠየመው ገላና ወርቃማ ጠጉር። እርሷ ደግሞ ፊቷ እንደ ወረቀት የነጣ፣ ጠጉሯ የጠቆረ፣ ልብሷም ጥቁር የሆነ የኖርዊች ልጅ ነበረች። ነገር ግን እነዚያ ያልነበራቸውን የብዙ ዓመት ልምድ ይዛ መጥታለች። በ2013 ዓ.ም. ኤን ኤክስ ቲ በሚባለው የጀማሪዎች ክፍል አውስትራሊያዊቷን ኤማን በመጨረሻው ግጥሚያ አሸንፋ፣ የክፍሉ የመጀመሪያዋ የሴቶች ሻምፒዮን ተባለች።

አፕሪል 7 ቀን 2014 ዓ.ም. በኒው ኦርሊንስ ከተማ የሆነው ግን ከዚህ ሁሉ የበለጠ ነው። ኤጄ ሊ የተባለችው አሜሪካዊት ቀበቶውን ለ295 ቀን ይዛ ቆይታ ነበር። ፔጅ በዋናው ትርዒት ላይ በታየችበት በመጀመሪያዋ ማታ ከእርሷ ጋራ ተጋጥማ ቀበቶውን ወሰደች። ዕድሜዋ 21 ዓመት ነበረ፤ ያን ቀበቶ ከያዙት ሁሉ በዕድሜ ታናሽ ሆና ተመዘገበች።

ሠላሳ ሴኮንድ

አንባቢ ሆይ፣ ቀበቶ መያዝ ማለት መከበር ማለት አይደለም። በዚያን ዘመን የሴቶቹ ቀበቶ በቢራቢሮ ቅርጽ የተሠራ ነበር። ታጋዮቹም «ዲቫ» እንጂ ታጋይ አይባሉም። ወንዶቹ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ሲታገሉ፣ ለሴቶቹ የሚሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፔጅና ኤማ ቤላ ከሚባሉት መንትያ እኅትማማቾች ጋራ የገጠሙት ግጥሚያ ሠላሳ ሴኮንድ ያህል ብቻ ፈጅቶ አለቀ። በዚያች ሌሊት ተመልካቹ በቁጣ ተነሣ። «ለሴቶቹ ዕድል ስጧቸው» የሚለው ጩኸት በኢንተርኔት ከአገር አገር ተዛመተ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው፣ ጩኸቱ ፍሬ አፈራ። በዚያው ዓመት አዳዲስ ጎበዝ ሴቶች ወደ ዋናው መድረክ ወጡ፤ የግጥሚያቸውም ጊዜ ረዘመ። በ2016 ዓ.ም. «ዲቫ» የሚለው ስም ከነቢራቢሮ ቀበቶው ቀርቶ፣ እነርሱም እንደ ወንዶቹ «ሱፐርስታር» ተብለው ተጠሩ።

የሚያሳዝነው ግን መንገዱን ከጠረጉት አንዷ የነበረችው ፔጅ ፍሬውን ሳትጠግብ መቅረቷ ነው። በ2016 ዓ.ም. የድርጅቱን የጤና ደንብ ተላልፈሻል ተብላ ሁለት ጊዜ ታገደች። በዚያው ዓመት አንገቷ ተጎድቶ ቀዶ ጥገና ተደረገላት።

የሚወድቅ ሰው ጥበብ

እዚህ ላይ ወደ ተማሪዎቹ ክርክር እንመለስ። የሬስሊንግ አሸናፊ አስቀድሞ የሚወሰን መሆኑ እውነት ነው። ሁለቱ ታጋዮች ጠላቶች መስለው ይታያሉ እንጂ፣ በሥራው አንዱ የሌላው ጠባቂ ነው። ጀማሪ ከሁሉ በፊት የሚማረው መምታትን ሳይሆን መውደቅን ነው። በጀርባው ሲወድቅ አገጩን ከደረቱ ጋራ ያጣብቃል፤ የውድቀቱ ኀይል በአንድ ቦታ እንዳያርፍ በሁለት እጁ ወለሉን ይመታል። ይሁን እንጂ ወለሉ ፍራሽ አይደለም። በብረት ላይ የተረበረበ ሳንቃ ነው፤ በላዩ ያለው ስስ ንጣፍ ብቻ ነው። በዚህ ላይ በሳምንት ብዙ ጊዜ፣ በዓመት ለብዙ ወራት የሚወድቅ ሰው አጥንት ምን ይሆናል? ውጤቱ አስቀድሞ በወረቀት ይጻፍ ይሆናል፤ የአንገት አጥንት ግን ወረቀት አያነብም።

ፔጅ ከአንድ ዓመት በላይ ታክማ በኖቬምበር 2017 ዓ.ም. ተመለሰች። ደስታው የቆየው ሳምንታት ብቻ ነው። ዲሴምበር 27 ቀን በኒው ዮርክ አጠገብ በተደረገ ትርዒት፣ ተጋጣሚዋ ሳሻ ባንክስ በእግሯ ጀርባዋን መታቻት። ይህ በየቀኑ የሚሠራበት ተራ ምት ነው፤ ተጋጣሚዋም ለመጉዳት አላሰበችም። ነገር ግን ፔጅ ከወደቀችበት መነሣት አቃታት፤ ዳኛውም ግጥሚያውን አስቆመ። በአንገቷ አጥንት ውስጥ ያለው የኅብለ ሰረሰር መተላለፊያ ጠቦ ስለ ተገኘ፣ ሐኪሞቹ ሁለተኛ እንዳትታገል ከለከሏት።

አፕሪል 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ከአራት ዓመት በፊት ቀበቶውን በወሰደችበት በዚያው የኒው ኦርሊንስ አዳራሽ ቆማ፣ ከትግል መሰናበቷን እያለቀሰች ተናገረች። በዚያን ቀን ዕድሜዋ 25 ዓመት ነበረ። ከእኛ መካከል በዚህ ዕድሜ ሥራ የሚጀምር ብዙ ነው፤ እርሷ በ13 ዓመቷ የጀመረችውን ሥራ በዚህ ዕድሜ ጨረሰች። ከልጅነቷ ጀምሮ ሌላ ሙያ ያልተማረ ሰው ሙያው ሲወሰድበት ምን ይቀረዋል? ጥቂት ወራት በሥራ አስኪያጅነት በትርዒቱ ላይ ታየች። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ ስቲቨን መርቻንት ያዘጋጀው፣ ፍሎረንስ ፒው እርሷን ሆና የተጫወተችበት የቤተ ሰቧ ታሪክ በሲኒማ ወጣ። ሰው የሕይወቱን ታሪክ በሲኒማ ሲያይ አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩ አልቆ ነው። ብዙዎችም የእርሷ አልቋል ብለው አስበው ነበር።

ዌምብሌ

በ2022 ዓ.ም. ከድርጅቱ ጋራ የነበራት ውል አለቀ። በሴፕቴምበር ወር ኤ ኢ ደብልዩ በሚባለው ተወዳዳሪ ድርጅት መድረክ ላይ «ሳራያ» በሚለው በገዛ ስሟ ብቅ አለች። ሐኪሞች እንደገና መርምረው ፈቀዱላትና፣ ኖቬምበር 19 ቀን 2022 ዓ.ም. ወደ አምስት ዓመት ከሚጠጋ ዕረፍት በኋላ ታግላ አሸነፈች።

ኦገስት 27 ቀን 2023 ዓ.ም. ይኸው ድርጅት በለንደን በዌምብሌ ስታዲየም ትልቅ ትርዒት አዘጋጀ። ትኬት ገዝቶ የገባው ሰው 81,035 ነው ተብሎ ተነገረ። ሳራያ ሦስት ሌሎች ሴቶችን ገጥማ የሴቶችን የዓለም ሻምፒዮና ቀበቶ ወሰደች። እናቷ ከነቤተ ሰቡ በመድረኩ ዳር ነበሩ። አንድ ጊዜ ሴቶች እንዳይታገሉ በተከለከለባት በዚያች ከተማ፣ በየመንደሩ አዳራሽ መድረክ ሲተክሉና ሲነቅሉ የኖሩት እናት ልጃቸው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቀበቶ ስታነሣ አዩ።

ቀበቶውን የያዘችው 44 ቀን ብቻ ነው። በ2025 ዓ.ም. ከዚህም ድርጅት ተለያይታ፣ ክብሯንም ውድቀቷንም ሳትሸሽግ የሕይወት ታሪኳን በመጽሐፍ አሳተመች።

እንግዲህ «የእውነት ነው ወይስ ጨዋታ?» ለሚለው ጥያቄ ለተማሪዎቼ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። በዌምብሌ ሳራያ እንድታሸንፍ አስቀድሞ የተወሰነ ነበር፤ ይህን እርሷም ታውቃለች። ነገር ግን አንገቷ ይችል እንደ ሆነ ማንም አልወሰነላትም። በመጀመሪያው ውድቀት ጀርባዋ ሳንቃውን ሲመታ ተነሥታ መቆሟ፣ ያ ብቻ፣ በማንም ወረቀት ላይ አልተጻፈም ነበር።