ስለ ገብረ ጕንዳን፤ ቤትንም ከርሱ ስለ መጠበቅ

ልጆች ሆይ፥ ገብረ ጕንዳን እጅግ ታናሽ ፍጥረት ነው፤ ነገር ግን ታላቁን ሰው በገዛ ቤቱ ያስጨንቀዋል። እንዴት ወደ ቤት እንደሚገባ፥ ያለ እሳትና ያለ መርዝም እንዴት እንደሚከለከል አሁን እንማራለን።

በአዲስ አበባ ከተማ ልደታ የሚባል ሰፈር አለ፤ ስሙን ያገኘው በዚያ ካለችው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን፥ የልደታ በዓል ሲሆን፥ ጎረቤቶች ከደጅ ወጥተው በአንድነት ንፍሮ ይበላሉ፥ ዳቦ ይቈርሳሉ፥ ቡናም ያፈላሉ። ከዚህ በኋላ ክረምቱ ይቀርባል። ዝናሙ ጕድጓዱን ባራሰው ጊዜ ጕንዳኑ ደረቅ ስፍራና ምግብ ፍለጋ ወደ ሰው ቤት ይገባል።

በዚህ ሰፈር፥ ከእንጨትና ከጭቃ በተሠራ አሮጌ ቤት፥ አንድ ልጅ ከሴት አያቱ ጋራ ይኖር ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ሻይ ሊጠጣ ቢነሣ የስኳሩ ዕቃ በጕንዳን ጠቍሮ አገኘው፤ ከግድግዳው ስንጥቅ ጀምሮ እስከ ስኳሩ ድረስ ጕንዳኑ እንደ ክር ተሰልፎ ነበር። ልጁም ተቈጥቶ የላምባውን ጠርሙስና ክብሪቱን አነሣና «እማማ፥ ዛሬስ ከነጕድጓዳቸው አቃጥዬ አጠፋቸዋለሁ» አለ።

አያቱም ፈጥነው እጁን ያዙና «ተው ልጄ። ግድግዳችን እንጨት ነው፤ የጎረቤታችንም ግድግዳ ከኛ ጋራ የተያያዘ ነው። ለአንድ ማንኪያ ስኳር ብለህ ሰፈሩን ታነዳለህን? ይልቅስ ክብሪቱን አስቀምጥና ማን እንደ ጠራቸው ተመልከት» አሉት።

ልጁ ቢመለከት ዕቃው ክዳን አልነበረበትም፤ ማታ ስኳር ወስዶ ክፍቱን የተወው እርሱ ራሱ ነበር። ከምንጣፉም ዳር የዳቦ ፍርፋሪ ወድቆ አየ። እጅግም አፈረ።

ጕንዳን መንገዱን የሚያውቀው በሽታ ነው። አንዲት ሠራተኛ ጕንዳን ምግብ አግኝታ ስትመለስ ከሆዷ ጫፍ ጥቂት ሽታ በምድር ላይ እየተወች ትሄዳለች። ሌሎቹም በራሳቸው ላይ እንደ ቀንድ ባሉ ሁለት ቀጫጭን መዳሰሻዎች ያንን ሽታ እየተከተሉ ይመጣሉ፤ ሲመለሱም ሽታ ይጨምሩበታል። ስለዚህ አንዱ ቶሎ መቶ ይሆናል። ኤድዋርድ ዊልሰን የተባለ የአሜሪካ ሊቅ ይህን ነገር ፈትኖ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1959 ዓ.ም. ጽፎ አሳተመ። ከጕንዳን ሆድ ያወጣትን ታናሽ ዕጢ አድቅቆ በርሷ መስመር ቢያሰምር፥ ጕንዳኖቹ ምግብ ሳይኖር መስመሩን ተከትለው ሄዱ።

እንግዲህ የምናያቸውን ብቻ ብንገድል ጥቅሙ ጥቂት ነው። እንቍላል የምትጥለው ንግሥት በጕድጓዱ ውስጥ ተቀምጣለችና በሞቱት ፈንታ ሌሎች ይወለዳሉ። የሚሻለው ብልሃት ይህ ነው፦

አንደኛ፥ ምግቡን መከልከል። ስኳርና ማር ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ይቀመጥ፤ ፍርፋሪ ይጠረግ፤ የተበላበትም ሳህን ሳይታጠብ አይደር።

ሁለተኛ፥ መንገዱን ማጥፋት። ሰልፉ የሄደበትን ስፍራ በሳሙና ውኃ ወይም በሆምጣጤ በራሰ ጨርቅ ቢወለውሉት ሽታው ይለቃል፤ ጕንዳኑም መንገዱ ይጠፋበታል።

ሦስተኛ፥ በሩን መዝጋት። የግድግዳው ስንጥቅ በጭቃ ይመረግ።

አራተኛ፥ አመድ መነስነስ። ደረቅና የተነፋ አመድ በደጃፍና በግድግዳ ሥር ቢነሰነስ ለጕንዳን እግር አይመችም፥ የሽታውንም መንገድ ይሸፍናል። በአገራችን ያሉ ንብ አርቢዎችም ቀፎአቸውን በዚህ ይጠብቃሉ። አመድ ግን ከራሰ ኃይል የለውም፤ ዝናም በዘነበ ቍጥር ይታደስ።

አምስተኛ፥ ምግብ የሚቀመጥበትን ጠረጴዛ እግሮች ውኃ ባለባቸው ጣሳዎች ውስጥ ማቆም። ጕንዳኑ በውኃው ላይ ተንሳፎ እንዳይሻገር ጥቂት ሳሙና ይጨመርበት፤ ውኃውም እንዳይሸት በየጊዜው ይለወጥ።

የተባይ መርዝ ግን ከምግብ አጠገብ አይቀመጥ። ጕንዳኑን ያጠፋል ሲሉት ሕፃኑ በእጁ ነክቶ ወደ አፉ ያገባዋልና።

ከቤት ውጭ ያለውንም ጕንዳን ያለ ምክንያት አትግደሉ። ጕድጓዱን ሲቈፍር አፈሩን ያላላል፤ የሞቱትን ትሎች ይሰበስባል፤ ቤታችንን የሚበላውን ምስጥም አድኖ ይበላል። በስፍራው ሳለ ሠራተኛችን ነው።

ያ ልጅም ፍርፋሪውን ጠረገ፥ መንገዱን ወለወለ፥ ስንጥቁን መረገ፥ አያቱ ከምድጃ ያወጡለትን አመድ ነሰነሰ። በሦስተኛው ቀን ሰልፉ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የስኳሩን ክዳን የሚገጥም እርሱ ሆነ።

ልጆች ሆይ፥ የተቈጣ ሰው ጠላቱን ለማጥፋት እሳት ይፈልጋል፤ ጥበበኛ ግን አስቀድሞ የገዛ ዕቃውን ይከድናል።